በብስኩት ቆርቆሮ የቆየች ጎንደር

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከመሥራች እናቶቻችን አንዷ ሁለት ዘንቢል አስይዘው ወደ ማኅበራችን ቢሮ መጡ። በዘንቢሎቹ ውስጥ ስድስት የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። «የቤቱ ጣሪያ ሊነሳ ነው፤ ይህን የት ላስቀምጠው?» አሉን። ክዳኑን ስንከፍተው አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ወጣ። ውስጡ በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ የፎቶ ኔጋቲቭ ሞልቶበታል።

ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ለመጀመሪያው የቀበሌ መታወቂያችን ጉርድ ፎቶ የተነሳነው እዚያ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ካሜራው ተሸጠ፤ ኔጋቲቩ ግን ገዢ ስላልነበረው አልጋ ሥር ቀረ። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «እኛ የቁጠባና የሥራ ማኅበር ነን፤ የፎቶ ነገር ምናችን ነው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን አባላት፣ እንዲሁም በደብዳቤ ለጠየቁን ረጂዎቻችን፣ መልሳችንን በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን። መልሱ ትንሽ ወደ ኋላ ይወስደናል።

ጎንደርን ያነሳ ካሜራ ጥቂት አልነበረም። አንሺው ግን በአብዛኛው መንገደኛ ነበር። ፎቶግራፍ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ከተማችን ደክማ ነበር፦ በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ አቃጥለዋታል፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ከዚያ የተረፈውን አንድደዋል። በአዲስ አበባ አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሲያነሱ፣ በጎንደር በኩል ያለፈው ካሜራ የአገር ጎብኚ፣ የቆንስላ ወይም የወታደር ነበር። አንስቶ ይሄዳል፤ ፊልሙም አብሮት ይሄዳል።

ከነዚህ መንገደኞች በጣም የሚታወቁት ማርሴል ግሪዮል የመሩት የፈረንሳዮቹ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ሰዎች ናቸው። ከ1924 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አንስቶ እስከ 1925 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ጎንደር ተቀምጠዋል። በጉዟቸው ሁሉ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ አንስተዋል። ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን ወስደው በምትኩ ቅጂ የሰቀሉትም እነሱ ናቸው፤ ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። የተልእኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በሚባሉ የዛር ባለቤትና በልጃቸው በእማዋይሽ ቤት ብዙ ጊዜ ውሎ አድሮ፣ ስለ ሁለቱ በሰፊው ጽፏል። ስለ ዛሩ ያላችሁ አስተያየት እንደየእምነታችሁ ነው። እኛን የገረመን ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ዘመን ከነበሩ የጎንደር ሴቶች ውስጥ ስማቸው፣ ንግግራቸውና ጠባያቸው እንዲህ ተዘርዝሮ የቀረላቸው እነዚህ ሁለቱ መሆናቸው። ውኃ ቀጂዋስ? ጠላ ጠማቂዋስ? በ2017 ዓ.ም. ፓሪስ የሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም የዚያን ተልእኮ ሥራ እንደገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሲያዘጋጅ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በተመራማሪው በኩል ተሳትፎበታል። ዘግይቶም ቢሆን ደግ ነገር ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ሠራ፤ በሊማሊሞ በኩል ገደሉን ሰንጥቆ መንገድ አወጣ። ሉቼ የሚባለው የመንግሥቱ የፊልምና የፎቶ ተቋም ይህን ሁሉ ያነሳ ነበር። ፎቶዎቹ ሮም ተቀምጠው ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። የሚያሳዩት በአብዛኛው ሰልፍን፣ ባለሥልጣንንና አዲስ ግንባታን ነው። ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ከታየም ጥግ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ፊልምና ቅርስ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የብራና መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ ቆይተዋል። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ስለተቀመጠ፣ ዋናው መጽሐፍ ከጠፋ በኋላ እንኳን ጽሑፉ የተረፈበት ጊዜ አለ። አሁን እነዚያ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተለውጠው ማንም ያነባቸዋል። መጽሐፍ እንዲህ ያለ ተቆርቋሪ አገኘ። ጎዳናና ገበያ አላገኘም።

ወደ ቆርቆሮዎቹ እንመለስ። ፎቶ አንሺያችን የጎዳና ፎቶ አንሺ አልነበሩም። እንጀራቸው ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግና ክርስትና ነበር፤ በበጋ ደግሞ ካሜራና የጀርባ መጋረጃ ይዘው በአውቶቡስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ይወጡ ነበር። ታዲያ የከተማው መንገድ ፎቶ ከየት መጣ? ባለቤታቸው አስረዱን። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ይይዛል። ሃያ ስምንት ሰው ተነስቶ ስምንት ቦታ ሲተርፍ ደንበኛ «ፎቶዬ ደረሰ?» እያለ ይመላለሳል፤ ጥቅሉ ካላለቀ ደግሞ ፊልሙን ማጠብ ኪሳራ ነው። እሳቸው በር ላይ ወጥተው የተረፈውን በመንገዱ ላይ ይጨርሱታል። ጋሪ፣ ከቅዳሜ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ ጃንተከል ዋርካው ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ከግቢው አጥር ጎን ልብስ የሚሰፋ ሰው። እንግዲህ በእጃችን ያለው የጎንደር ጎዳና ታሪክ የተሠራው ከፊልም ትርፍራፊ ነው።

ሥራውን የጀመርነው ባለማወቅ ነው፤ ስሕተታችንንም አንደብቅም። የመጀመሪያው ጥቅል አቧራ ስለነበረበት ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጠብነው። ሥዕሉ ያለበት ስሱ ሽፋን እንደ ወተት ስልባቦት ተነስቶ ሳህኑ ውስጥ ቀረ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ ጠፋ። እናታችን አልተቆጡም፤ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ ከበደን። ከዚያ በኋላ ጠይቀን ተማርን። ኔጋቲቭ በጥጥ ጓንት፣ በጠርዙ ብቻ ይያዛል። አቧራው በአየር መንፊያ ይነሳል እንጂ አይታጠብም፤ ከተያያዘም አይላቀቅም፣ ለባለሙያ ይቆያል። የአቼቶ ሽታ ያለው ፊልም መበስበስ የጀመረ ነው፤ ከራሱ የሚወጣው አሲድ መበስበሱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ላለውም ይተርፋል፤ ስለዚህ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ቀድሞም ይነሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ሳይጠቅመን አልቀረም፤ ቆላ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባልቆየ። ክረምቱ ግን እርጥበትና ሻጋታ አለው። ከቆርቆሮ አውጥተን በወረቀት ከረጢት ያደረግነው ለዚህ ነው።

ማንሳቱን የሠራችው የአንዷ አባላችን ልጅ ናት። ነጭ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ፊልሙን ዘርግታ፣ ከላይ ወደ ታች በተተከለ ዲጂታል ካሜራ አንድ በአንድ ታነሳለች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ትገለብጠዋለች። ፊልሙ በጀርባው ተቀምጦ ከሆነ ከተማው ሁሉ ግራና ቀኙ ይዛወራል። ይህን የምናውቀው በቡና ቤት ታፔላ ነው፤ ፊደሉ ወደ ኋላ ከተነበበ እንደገና ይነሳል። ፎቶው በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ከረጂዎቻችን ያገኘነው ገንዘብ የዋለው ለእነዚህ ዲስኮች፣ ለካሜራው ኪራይና ለልጅቷ የቀን አበል ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም መሣሪያ ያለው ሰው ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ ሦስት ሴቶች በአውቶ ፓርኮ በኩል ሲሄዱ የሚያሳይ ፎቶ ከፍታ «ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች» ብላ ጻፈች። አጠገቧ ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አይተው «የምን ገበያ ልጄ፣ ለቅሶ ነው እንጂ» አሏት። የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አድርገውታል። ልጅቷ ፎቶውን አሥር እጥፍ አጉልታ አይታዋለች፤ ጥለቱን ግን አላየችም። ሌላው ፎቶ እንስራና ጀበና የተሸከሙ ሴቶችን ያሳያል። እናቶቻችን ወዲያው «የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው» አሉ፤ የአንዷንም ቤት አስታወሱ። እንደምታውቁት የወለቃ ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ፎቶውን በስልክ እዚያ ላለ የቀድሞ ጎረቤት ላክነው። በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ፤ የሁለቱ ሴቶች ስም ከነአባታቸው ነበረበት፣ በመካከሉ ለቅሶም ነበረበት። ስማቸው አሁን መዝገባችን ላይ አለ።

ከጥቅሎቹ አንዳንዶቹ መካከላቸው ጎድሏል። በመቀስ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ብቻ ቀርቷል። እይጥ ወይም ብልሽት መስሎን ነበር። እናታችን ግን ነገሩን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከማን ጋር ቆመህ ተነሳህ ማለት ራሱ ያስይዝ ነበር፤ ባለቤታቸው ሌሊት በኩራዝ እያዩ ወጣቶች በቡድን የተነሱበትን ቆርጠው ምድጃ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። አንድ ግን አምልጧቸዋል። ሲኒማ ቤቱ ፊት አራት ልጆች ቆመዋል፤ አንዱ ይስቃል። ከአባሎቻችን አንዷ ወንድማቸውን አወቁት። ያ ልጅ ቤት ሳይመለስ የቀረ ነው፤ እናትየው ደግሞ ፎቶዎቹን ሁሉ በፍርሃት አቃጥለው ስለነበር መልኩን የሚያሳይ ምንም ነገር ቤታቸው አልነበረም። አትመን ሰጠናቸው። በዚህ መጽሔት እንዳናወጣው ለመኑን፤ አላወጣነውም፣ አናወጣውምም።

ከዚህ ፎቶ በኋላ ነበር ገዢ የመጣው። ለቱሪስት ፖስት ካርድ የሚያሳትም ነጋዴ ኔጋቲቩን ከነቆርቆሮው ልግዛ አለ። ያቀረበው ዋጋ ለእናታችን የጣሪያውን ቆርቆሮ ከነምስማሩ ይሸፍን ነበር። በስብሰባችን ላይ ሐሳብ ተከፈለ። «የቸገረን ብር ነው፤ ይሽጡት» ያሉት እኅቶች ክፋት አልነበረባቸውም፤ የድኻ ቤት ጣሪያ ቀልድ አይደለም። ሌሎቻችን ደግሞ የወንድማቸው ፎቶ በፖስት ካርድ ሱቅ ሲሸጥ የሚያዩትን እኅት አሰብን። ዞሮ ዞሮ ንብረቱ የማኅበሩ ስላልሆነ ውሳኔውን ለባለቤቷ ተውን። እሳቸውም «ፊልሙ የባሌ ነው፤ ሰዎቹ ግን የኔ አይደሉም» ብለው መለሱት። ጣሪያው ከማኅበሩ ብድር ተሠርቷል፤ በየወሩ እየከፈሉ ነው። ኔጋቲቩ የእሳቸው ሆኖ ቢሮ ይቀመጣል። ፊቱ የሚታወቅ ሰው ያለበት ፎቶም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይወጣም ብለን በቃለ ጉባኤ አስፍረናል።

በዚህ ሥራ ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ፊልሙ ሁሉ ተነስቶ ይለቅ የሚሉ አሉ፤ ሽታው እየባሰ ነውና እውነት አላቸው። እኛ ጸሐፊዎቹ ግን ጥቂት ጥቅል ተነስቶ፣ ታትሞ፣ እናቶች እጅ ገብቶ፣ ስም ተጽፎ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይኬድ እንላለን። ሥራውን ከጀመርን ወዲህ ከጥጥ ፈታዮቻችን ሁለቱን ቀብረናል። ከመካከላቸው አንዷ የጃንተከልን አካባቢ ሱቅ በሱቅ ያውቁት ነበር፤ የዚያን አካባቢ ጥቅል ግን ገና አልከፈትነውም ነበር።

እስካሁን የተነሱት ፎቶዎች በትልቁ ታትመው በቢሯችን ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ቡና ይፈላል፤ መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁንም አምጡ። በተለይ በሩ አጠገብ ያለውን ፎቶ እዩልን። አንዲት ሴት ጥቁር ጃንጥላ ይዛ በፖስታ ቤቱ ፊት ቆማለች፤ ልጅ አዝላለች፣ የልጁ አንድ እግር ወጥቶ ይታያል። የተጠቀለለበት ጋዜጣ የ1961 ዓ.ም. ነው፤ ፎቶው ግን ትንሽ ሊቀድም ይችላል። ሴትየዋን እስካሁን ያወቃት የለም። ልጁ ዛሬ የስልሳ ዓመት ሰው ሳይሆን አይቀርም።