አስቴር ጋኖ፦ ቋንቋዋን በልቧ ይዛ የተሰደደች ልጅ

እዚህ ካኩማ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይማራሉ። ቤት ሲገቡ እናት በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ስታናግራቸው በስዋሂሊ የሚመልሱ ጥቂቶች አይደሉም። «ከአገር ከወጣን ወዲያ ቋንቋው ምን ያደርግልናል?» የሚሉንም አሉ። ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ አንድ መልስ እናምጣ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ የተወለደች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ለባርነት ተሽጣ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ፣ በ1886 የኢጣሊያ ባሕር ኃይል መርከቡን ያዘውና ነፃ ወጣች። ዕድሜዋ ያኔ ወደ 14 ዓመት ነበር። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች።

እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ ይሠራ ነበር። እሱም በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊተረጉም ሲነሣ ግን ቃላት አጠሩት። ከወገኑ የተለየው ገና በልጅነቱ ነበርና ምን ያድርግ!

ያን ጉድለት ከሞሉለት አንዷ አስቴር ናት። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላት ሰበሰበች። በዚህም አላበቃች፤ 500 የሚያህሉ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ከትውስታዋ ጻፈች። ብዙዎቹ ሁለቱ አዘጋጅተው በ1894 ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ወጡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ወለጋ ተመልሰው በዚያው ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ።

ልብ በሉ፤ አስቴር ስትያዝ በእጇ መጽሐፍ አልነበረም። የነበራት በልጅነቷ ከቤተሰቧና ከጎረቤት የሰማችው ብቻ ነው። ኦነሲሞስም ብዙ አገር አይቶ፣ ብዙ ተምሮ ሳለ ከአንዲት ወጣት ልጅ የአገሩን ቃል ለመቀበል አላፈረም።

በየመጠለያችንም ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ። ቃሉን የያዙት እናቶቻችንና አባቶቻችን እንደ አስቴር ናቸው፤ እዚህ የተወለዳችሁት ደግሞ እንደ ኦነሲሞስ። የያዘው ካልነገረ፣ ያልያዘው ካልጠየቀ ግን ነገሩ እዚሁ አሸዋ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ከቤት ሦስት እንቆቅልሽ ጠይቁ። በፊደልም ሆነ በቁቤ፣ እንደምትችሉት ጽፋችሁ ክፍል ይዛችሁ ኑ። መምህራንም አብረን እንጽፋለን።