ከተማዋን ያስቀራት ዛፍ፦ አዲስ አበባ ልትለቀቅ የተቃረበችበት ዘመን



ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በውጭው ዓለም በሰፊው የሚነገር አንድ ወግ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የሞት ፍርደኞች የሚቀጡባቸውን የኤሌክትሪክ ወንበሮች ከአሜሪካ አስመጡ፤ በአገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ባለመኖሩ ግን አንዱን ዙፋን አደረጉት ይላል። ለዚህ ወግ በዘመኑ የተጻፈ አስተማማኝ ሰነድ ያቀረበ ሰው የለም። ሆኖም እየተገለበጠ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይዘዋወራል፤ ምክንያቱም ያስቃል፣ የሚያስቀውም በእኛ ነው። በአንጻሩ ከዚያው ዘመን የተረፈ፣ እውነተኛ የሆነና ከዚህ ይልቅ እንግዳ የሆነ ታሪክ አለ፤ እሱን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በአሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር።

ተማሪዎቼን በየዓመቱ «አዲስ አበባ ለምን ዋና ከተማ ሆነች?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ዘወትር አንድ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ፣ ፍልውሃና 1879 ዓ.ም.። መልካም፤ ይህ ከተማዋ ለምን እንደተቆረቆረች ይነግረናል። ለምን እንደቀረች ግን አይነግረንም። መቆርቆርማ ብዙዎች ተቆርቁረዋል። ምኒልክ ራሳቸው ከዚያ በፊት በልቼ፣ በወረ ኢሉ፣ በደብረ ብርሃንና በእንጦጦ ከትመዋል። እንጦጦ በ1882 ዓ.ም. የንግሥና ዘውድ የተደፋባት ከተማ ነበረች፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ቤተ መንግሥቱም ሕዝቡም ጥሏት ወረደ።

የጥንቱን የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ጠባይ ለመረዳት ዛሬም በአፋችን ላይ ያለውን ቃል መመልከት ይበቃል። አራት ኪሎ ያለ ሰውም ሆነ ጉለሌ ያለ ሰው የሚኖርበትን አካባቢ «ሰፈር» ይላል። ሰፈር የሠራዊት ማረፊያ ነው። ንጉሡ መሐል፣ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነጭፍሮቻቸው በዙሪያው፤ ራስ መኰንን ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር። የሰፈረ ደግሞ ይነሣል። የሚያስነሣውም ጦርነት ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ሣር፣ እህልና እንጨት ሲያልቅ ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ምድር ይሄዳል። ይህ ለዘመናት የሠራ ሥርዓት ነበር። ጫካውም ሰው በሌለበት ያገግም ነበር።

የአዲስ አበባን የማገዶ ፍጆታ አስቡት። እንጀራው በእንጨት ይጋገራል፤ ወጡ በእንጨት ይበስላል፤ ጠላው በእንጨት ይጠመቃል። በታላቁ አዳራሽ ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላል። ቤቱ ራሱ ከቋሚው እስከ ማገሩ፣ አጥሩም ጭምር፣ እንጨት ነው። ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያውና የውጭ አገር መልእክተኛው ወደ ከተማዋ ጎረፈ። በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ አለቀ። እንጨት እስከ መናገሻ ድረስ ተፈልጎ በሰውና በአህያ ጀርባ ይመጣ ጀመር። የሩቅ እንጨት ውድ ነው፤ ድሃው ኩበት ያነዳል፣ ማሳውም ማዳበሪያውን ያጣል።

እንግዲህ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አያቶቻቸው ያደርጉት የነበረውን ለማድረግ ተነሡ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እንጨት በሚገኝበት በኤጄሬ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት ይሠራ ጀመር። የቦታው ስም አዲስ ዓለም ተባለ። ስሙ ብቻ ሐሳቡ የቀልድ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ሆኖም ከተማዋ አልሄደችም። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያንነት ተሰጠ። ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኝ መንገድ ተሠራ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መዳመጫም የዚያ የመንገድ ሥራ ዘመን ትዝታ ነው። ለምን ቀረች ለሚለው አንዱ የተለመደ መልስ ሌጋሲዮኖቹ ናቸው፤ በተሰጣቸው ሰፊ ቦታ ላይ መገንባት ጀምረው ስለነበር መዛወሩን አልወደዱትም። ይህ እውነት ነው። እኔ ግን ግማሽ መልስ ይመስለኛል። ድንጋይ አይነድም። የጎደለው ማገዶ ካልተተካ፣ የፈረንጅ ተቃውሞ ብቻውን እንጀራ አይጋግርም።

ሌላው ግማሽ ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የተገኘው ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ አስመጪው ብዙ ጊዜ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል፣ ሌሎች ስሞችም ይነሣሉ። ከአስመጪው ይልቅ የዛፉ ጠባይ ይበልጥ ያስገርመኛል። ጥድ ለአያት ተተክሎ ለልጅ ልጅ ይደርሳል፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለምሰሶ ይበቃል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከብትም አይበላውም። ምኒልክ ችግኙ በአነስተኛ ዋጋ እንዲከፋፈልና የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ልብ በሉ፤ አዲስ ዓለም ስትታሰብ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ገና ለጋ ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለመቅረት መወሰን በችግኝ ላይ የተጣለ ተስፋ ነበር።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የከተማ ቦታን በግል ለመያዝና ለመሸጥ የፈቀደው ድንጋጌ ነው። ነገ ሰፈሩ ይነሣል ብሎ የሚያስብ ሰው ዛፍ አይተክልም። የቦታ ባለቤትነቱ አትክልት አለው፤ ዛፉ ደግሞ ቦታውን እንዳይለቅ አደረገው። ሰፈር ከተማ የሆነው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የሚያስደንቀው ይመጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913፣ ባሕር ዛፍ ምንጩንና ጉድጓዱን ያደርቃል በሚል ስጋት፣ ከዛፎቹ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታወጀ። ስጋቱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የደን ባለሙያዎቻችን ዛሬም ይከራከሩበታል። አዋጁ ግን በወጉ አልተፈጸመም። የከተማው ሰው የሚያነደውን፣ የሚሸጠውንና ቤቱን የሚያቆምበትን በገዛ እጁ አልነቅልም አለ። ያለ ሰልፍና ያለ አቤቱታ፣ ዝም ብሎ ባለመንቀል ብቻ የተሻረ አዋጅ ነው፤ በከተማዋ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ግን ስፍራ አልተሰጠውም።

ግብሩን በሰፊው የሚተርኩ ጸሐፊዎች ሞልተዋል፤ ማገዶውን የተሸከሙትን የሚያነሣ ግን ብርቅ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ሰነዱን ከቤተ መዛግብት ብቻ አትጠብቁ። ማልዳችሁ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ውጡ። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ጎብጠው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ታገኛላችሁ። ሸክማቸውን እስኪያሳርፉ ጠብቁና መንገዱን ማን እንዳሳያቸው፣ እናቶቻቸውስ ከየት ይለቅሙ እንደነበር ጠይቋቸው። ለጊዜያቸውም ክፈሏቸው።