ርችትና እንስሳት፦ የድምፁ ጉዳት፣ የገደብ አስፈላጊነትና በበዓል ዋዜማ ማድረግ ያለብዎት ጥንቃቄ

በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በሌሎች በዓላት ዋዜማ ርችት ሲተኮስ እርስዎ ምክንያቱን ያውቃሉ። ግቢ ውስጥ የታሰረው ውሻዎ ግን አያውቅም። ለእሱ ድምፁ አደጋ ነው። ይህ ጽሑፍ ርችት በእንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ጉዳቱ ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገርና መፍትሔውን ያብራራል።

እንስሳት ለምን ይፈራሉ?

የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ውሻ እስከ 45,000 ሄርዝ ገደማ፣ ድመት ደግሞ ከ60,000 ሄርዝ በላይ ይሰማሉ። በዚህ ላይ የርችት ፍንዳታ ድንገተኛ ነው፤ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም። የእንስሳው ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ይለቃል፣ የልብ ምቱ ይጨምራል፣ ለመሸሽም ይዘጋጃል።

ብዙ ሰዎች "ይለምደዋል" ይላሉ። በርካታ ውሾች ግን አይለምዱትም። ፍርሃቱ ከዓመት ወደ ዓመት ሊብስና ነጎድጓድን ወይም የበር መላተምን ወደ መፍራት ሊያድግ ይችላል።

የዱር እንስሳትም አይተርፉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጨረሻ ሌሊት በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ቢቢ በተባለች ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሞተው ወድቀዋል። በርችት ድምፅ ከማደሪያቸው ተነሥተው በጨለማ ከቤቶችና ከዛፎች ጋር በመጋጨታቸው እንደሞቱ ባለሙያዎች ገልጸዋል። በኔዘርላንድስም በአዲስ ዓመት ሌሊት ወፎች በድንጋጤ እስከ 500 ሜትር ከፍታ እንደሚበሩ የአየር ሁኔታ ራዳር አሳይቷል።

የፍርሃት ምልክቶች

• መንቀጥቀጥ፣ ማለክለክ፣ ምራቅ ማዝረብረብ
• አልጋ ሥር ወይም ጥግ መደበቅ
• ያለማቋረጥ መጮህ ወይም ማላዘን
• ምግብ አለመብላት
• ቤት ውስጥ መሽናት ወይም መጸዳዳት
• በር መቧጨር፣ ሰንሰለት መጎተት፣ አጥር ዘሎ መጥፋት

ፈረስና አህያ ደንብረው ሊሮጡ፣ ጋሪ ሊገለብጡና ሰው ሊረግጡ ይችላሉ። ዶሮዎች ደግሞ በድንጋጤ አንድ ጥግ ተደራርበው ሊተፋፈኑ ይችላሉ።

ለሰው ጤና ምን አደጋ አለው?

የደነገጠ ውሻ፣ የለመደው ሰው እንኳ ቢሆን፣ ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር ደግሞ ከግቢ ያመለጠና ያልተከተበ ውሻ ትልቅ ስጋት ነው። ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የበሽታው ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ገዳይ ነው።

ርችት መገደብ አለበት?

አዎ፤ ሊገደብ የሚገባው ግን በዓሉ ሳይሆን ፍንዳታው ነው። ብርሃኑ ደስታን ይሰጣል፤ በዋናነት የሚጎዳው ድምፁ ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ርችቶች አሉ፤ ፈጽሞ ድምፅ አልባ ባይሆኑም ጉዳታቸው ያነሰ ነው። የጋላፓጎስ ደሴቶች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 የዱር እንስሳቱን ለመጠበቅ ድምፅ ያላቸውን ርችቶች ከልክሎ ድምፅ የሌላቸውን ፈቅዷል። በእንግሊዝ ደግሞ ከተወሰኑ በዓላት በስተቀር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ርችት መተኮስ አይፈቀድም።

"በዓል በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ለእንስሳ ተብሎ ደስታችን ለምን ይቀራል?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቦታው፣ ሰዓቱና የድምፁ መጠን ቢወሰን ደስታው አይቀርም። የሚጠቀሙትም እንስሳት ብቻ አይደሉም። በቅርብ የሚፈነዳ ርችት 150 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን የድንገተኛ ድምፅ ጣሪያ ለአዋቂ 140፣ ለሕፃናት 120 ዴሲቤል እንዲሆን ይመክራል። ጨቅላ ሕፃናት፣ ሕሙማን፣ እንዲሁም ጦርነት አይተው የተኩስ ድምፅ የሚያስደነግጣቸው ሰዎችም እፎይታ ያገኛሉ።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ውሻዎን ከበዓሉ ቀደም ብለው ያስከትቡ።
• ከመምሸቱ በፊት ያናፍሱት፣ ያብሉት፤ ውኃ ያስቀምጡለት።
• በሰንሰለት ታስሮ እንዳይቆይ ያድርጉ፤ ሲሸሽ አንገቱ ሊታነቅ ይችላል። የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ያስገቡት።
• መስኮትና መጋረጃ ይዝጉ፤ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ይክፈቱ።
• መደበቂያውን አይከልክሉት፤ ጎትተውም አያውጡት።
• አይቆጡት፣ አይምቱት። ወደ እርስዎ ከመጣ ያባብሉት፤ ማባበል ፍርሃቱን አያባብስም።
• ርችት የሚተኩሱ ከሆነ ከጋጣ፣ ከበረትና ከወፎች ማደሪያ ይራቁ፤ ለጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ።

የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያለብዎት መቼ ነው?

እንስሳዎ ራሱን ካቆሰለ፣ በማግስቱም ምግብ ካልበላ፣ ወይም ፍርሃቱ በየዓመቱ እየባሰ ከሄደ ሐኪም ያማክሩ። ለድምፅ ፍርሃት የሚረዱ መድኃኒቶች ስላሉ ከበዓሉ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት መጠየቅ ይመረጣል። ለሰው የታዘዘ ማስታገሻ በራስዎ አይስጡ። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል።