የሥጋ ቤት ታፔላ፣ «ቄራ»
የዘይት ቀለም በቆርቆሮ ላይ፣ የእጅ ጽሕፈት

መጀመሪያ «ቄ»ን ይመልከቱ። አንድ ክብ፣ መሐሉን ሰንጥቆ የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከእግሩ በስተቀኝ ትንሽ ቀለበት። ሁሉም እኩል ውፍረት አላቸው፤ ጫፋቸው ያለ ጌጥ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። የብራና ጸሐፊ በመቃ ብዕሩ ቋሚውን ያወፍራል፣ አግድሙን ያቀጥናል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣው «ኒያላ» የተባለው የኮምፒዩተር ፊደልም ያንኑ ወግ ይከተላል። ታፔላ ጸሐፊ ግን የሚጽፈው ከመንገድ ማዶ ለሚያልፍ ሰው ነው። በጠመኔ ያሰምራል፣ ክቡን በምስማርና በሲባጎ ያዞራል፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ብሩሽ ይሞላል።

ጀርመናዊው ፓውል ሬነር በ1927 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ፉቱራ» የላቲን ፊደላትን በክብና በቀጥታ መስመር ገንብቷል። የእኛ ፊደል ለዚህ አሠራር ይበልጥ የተመቸ ነው፤ «ዐ»፣ «ፀ» እና «ቀ» ድሮም ክብ ናቸው።

የምታስቸግረው ቀለበቷ ናት። የመስመሩን ውፍረት ይዛ ስትጠብ ቀዳዳዋ በቀለም ይደፈንና ከሩቅ «ቄ» «ቂ» ይመስላል። እዚህ ጸሐፊው ቀለበቷን ገፋ፣ ከፈት አድርጓታል፤ የታፔላው ትልቁ ጥበብ ይኸው ነው። ዛሬ በታተመ ባነር ላይ የምናያቸውን እኩል ውፍረት ያላቸው ፊደላት፣ ለምሳሌ «ኖቶ ሳንስ»ን፣ የሚነድፍ ባለሙያም ይህንኑ ጥያቄ መመለስ አለበት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው፤ በኃምሱ ቤት ቀለበቷ ደጋግማ ትመጣለች።