ደረስጌና አራቱ ቀበቶዎች

ደረስጌ ማርያም የምትገኘው ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ብዙም ሳትርቅ ነው። ያደግሁት እዚያ አካባቢ ነው፤ ዛሬ ጎንደር ከተማ ልጆችን ቦክስ አሠለጥናለሁ። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅም በሥራው ላይ እጁ አለበት። ውቤ ያሠሯት ሊነግሡባት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና፣ በቀናት ልዩነት አቡነ ሰላማ ዘውዱን በአሸናፊው በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ራስ ላይ ደፉት። ጳጳሱን ከግብፅ ያስመጡትም ውቤ ራሳቸው ነበሩ።

ልጆቹ ስለ ከባድ ሚዛን ቀበቶ ሲጠይቁኝ ከዚህ ነው የምነሣው። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ በስም የነገሠ ንጉሥ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ደብረ ታቦር፣ ራስ ዓሊ እጅ ነው። ሰሜንና ትግሬ የውቤ፣ ጎጃም የደጃች ጎሹ። ሁሉም በየአገሩ አሸናፊ ነው። በ1834 ዓ.ም. ውቤና ዓሊ ደብረ ታቦር ላይ ተገናኙ። ዓሊ ሸሹ፤ ውቤም ድሉን ሲያከብሩ ከዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው። የተሸነፈው ሥልጣኑን እንደያዘ ቀረ።

ካሣ ግን አንድ በአንድ ሄዱበት። ኅዳር 1845 ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ዓሊን አይሻል ላይ፣ በመጨረሻም ውቤን።

የኛ ዘመን ከባድ ሚዛንም አራት ጌታ አለው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቀበቶ የሚሰጡ ማኅበራት ናቸው፦ ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ እና ደብሊው ቢ ኦ። እያንዳንዱ ለራሱ ተፋላሚዎችን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ሻምፒዮኑ በተወሰነለት ጊዜ ከግዴታ ተፋላሚው ጋር ካልገጠመ ቀበቶውን ያጣል። ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፊውሪን የገጠመው አራቱንም ለመጠቅለል ነበር። ዘጠነኛውን ዙር ለልጆቹ ደጋግሜ አሳያለሁ፤ የኡሲክ ግራ እጅ ሲያርፍበት ያ ግዙፍ ሰው ከገመድ ገመድ እየተንገዳገደ ሄደ፣ ገመዱ ደግፎት እንጂ መሬት ነበር፣ ዳኛውም ቆጠረበት። ከሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች ሁለቱ ለኡሲክ ፈረዱ። ከሌኖክስ ሉዊስ የ1999 (እ.ኤ.አ.) ድል ወዲህ ከባድ ሚዛን አንድ ጌታ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ግን በዚሁ የግዴታ ደንብ ምክንያት የአይ ቢ ኤፍ ቀበቶ ወደ ዳንኤል ዱብዋ ሄደ። ኡሲክ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ዱብዋን ዌምብሌይ ላይ አምስተኛው ዙር ላይ ዘርሮ እንደገና ሁሉንም ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የደብሊው ቢ ኦን ለቀቀ።

ሉዊስም ከዚህ ደንብ አላመለጠም። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከጆን ሩዊዝ በፊት ከማይክል ግራንት ጋር በመጋጠሙ የደብሊው ቢ ኤን ቀበቶ አጣ። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሊዮን ስፒንክስ መሐመድ ዓሊን ካሸነፈ በኋላ ከኬን ኖርተን ይልቅ ከዓሊ ጋር መድገምን መረጠ፤ ደብሊው ቢ ሲ ቀበቶውን ነጠቀው። ሦስቱም ቀበቶ ያጡት ሪንግ ውስጥ ተመትተው አይደለም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

አፄ ቴዎድሮስም ከነገሡ በኋላ ትግሬ ላይ አገው ንጉሤ፣ ጎጃም ላይ ተድላ ጓሉ፣ ወልቃይት ላይ ጢሶ ጎበዜ ተነሡባቸው። ወደ አንዱ ሲዘምቱ ሌላው ከኋላ ይበረታል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያልፉ አገሩ አብዛኛው ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

የግዴታ ተፋላሚ ይቅር አልልም። ደንቡ ለደካማው ወገን የቆመ ነው፤ እሱ ባይኖር ሻምፒዮን የሚፈራውን ሰው ዕድሜ ልኩን ይሸሻል። ሪዲክ ቦዊ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ለንደን ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጣለው ከሉዊስ ጋር መግጠም ባለመፈለጉ ነው፤ ሉዊስ በሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ አሸንፎት ነበር። ስለዚህ ወረፋው ይኑር። የምቃወመው አራት ወረፋ አንድ ሰው ላይ መደርደሩን ነው። ማኅበራቱ በመካከላቸው ተራ ይዘናል ይላሉ፤ ግን በዓመት ሁለቴ የሚፋለም ሰው አራቱን ለማዳረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፣ እስከዚያ የቸኮለው ማኅበር የራሱን ሻምፒዮን ይሾማል። ሁሉንም ለጠቀለለ ሰው በዓመት አንድ ግዴታ ይበቃዋል፤ ተፋላሚውንም አራቱ ተስማምተው ይምረጡ።