ክብ አር.ኤን.ኤ. እና ጨካኙ የጡት ካንሰር

የታክሲ ረዳቶች «ጳውሎስ!» እያሉ የሚጠሩት የጉለሌ ሠፈር የሚታወቀው በሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው አቅም የሌላቸውን ሕሙማን ለማከም ነበር። በአገራችን የጡት ካንሰር ያለባቸው ብዙ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዕጢው ከሰፋ በኋላ ነው። ዕጢው የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ከሌለው፣ የሄር-2 ፕሮቲንም ካልበዛበት «ሦስቴ አሉታዊ» ይባላል። ይህ ዓይነቱ ለታሞክሲፊን አይበገርም፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታትም ቶሎ ያገረሻል። ለምን እንዲህ እንደሚጨክን ሲመረመር ትኩረት ካገኙት ነገሮች አንዱ ክብ አር.ኤን.ኤ. ነው።

ጫፎቹ የተጋጠሙ አር.ኤን.ኤ. መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በዕፀዋት በሽታ አምጪዎች ላይ ነበር። በ1979 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሰው ህዋስ ውስጥ ታየ። ያ ህዋስ ሄላ ነበር፤ በ1951 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማኅፀን ጫፍ ካንሰር ከታከመችው ከሄንሪየታ ላክስ፣ ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰደ። በ1991 በዚያው ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የአንድ ዘረ መል ክፍሎች ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ተገጣጥመው አገኙ። ግኝቱ ግን ለሃያ ዓመታት ያህል የህዋስ ስሕተት ተደርጎ ተተወ። ለዚህ የላቦራቶሪው ዘዴም ተጠያቂ ነው፤ ለጥናት የሚመረጠው ጅራት ያለው አር.ኤን.ኤ. ስለነበረ ጅራት የሌለው ክብ ተጣርቶ ይደፋ ነበር። በ2012 አዲሱ የንባብ ቴክኖሎጂ ብዛቱን አሳየ። በ2013 ደግሞ አንዱ ክብ ሚር-7 የተባለውን ትንሽ አር.ኤን.ኤ. የሚይዙ ከ70 በላይ ቦታዎች እንዳሉት ታወቀ።

በ2019 ከቻይና ሁለት ሪፖርቶች ወጡ። ሰርክ-ኪፍ4ኤ በሦስቴ አሉታዊ ዕጢ ውስጥ በዝቶ ሚር-375ን በመያዝ ዕጢውን ያግዛል። ሰርክ-ኤፍቢኤክስደብልዩ7 በተቃራኒው ይቀንሳል፤ ሲኖር 185 አሚኖ አሲድ ያለው አጭር ፕሮቲን ሠርቶ የዕጢውን ዕድገት ይገታል። ሁለቱም ገና መድኃኒት አልሆኑም።

የአፍሪካውያን የጡት ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን ተቀባይ የለውም የሚለው ግምት በኢትዮጵያ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ 352 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት የኢስትሮጅን ተቀባይ ያልተገኘባቸው ከመቶ 35 ነበሩ። ሦስቴ አሉታዊዎቹ ደግሞ ከእነዚህ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ናቸው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ታሞክሲፊን ሊረዳ ይችላል፤ ይህን የሚለየው ግን የተቀባይ ምርመራ ነው። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሥጋ ፎርማሊን ሳይገባ ረጅም ሰዓት ከቆየ ተቀባዩ ይጠፋል፤ ሦስቴ አሉታዊ ያልሆነው ዕጢም ሦስቴ አሉታዊ ተብሎ ይመዘገባል። በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ የሚደረግ የክብ አር.ኤን.ኤ. ቆጠራ የሌላ በሽታ ቆጠራ ይሆናል፤ ሴትየዋም የሚጠቅማት ክኒን ሳይታዘዝላት ትቀራለች።