ኮሶ፤ የበሽታውም የመድኃኒቱም ስም

ሄልሚንቲያሲስ የሚለው የሕክምና ቃል ትል ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ነው። በሥጋ፣ በአፈርም ሆነ በወንዝ ውኃ ወደ ሰው የሚገቡትን ጥገኛ ትሎች ሁሉ በአንድነት ይጠቀልላቸዋል። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ በበኩሉ በጥቅሉ የሆድ ትል ከማለት አልፎ ለሁለቱ የራሳቸውን ስም ሰጥቷቸዋል፤ ወስፋትና ኮሶ ብሎ።

ስያሜው ያለ ምክንያት አልሆነም። ሁለቱም በዓይን የሚታዩ ናቸው። ወስፋት ከሕፃን ልጅ ሰገራ ጋር፣ አንዳንዴም በአፍ ይወጣል። የተራበ ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» እስኪል ድረስ ትሉ እንደ አንድ የሰውነት ክፍል ተቆጥሯል። የኮሶ ትል ቁርጥራጮች ደግሞ ራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ስለሚወጡ ታማሚው ያለ ሐኪምና ያለ አጉሊ መነጽር በሽታውን ያውቃል። በአንጻሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና የአንጀት ግድግዳ ነክሶ ደም የሚመጠው ትል የቆየ የሕዝብ ስም የለውም፤ መንጠቆ ትል የሚለው ከባለሙያዎች ትርጉም የመጣ ነው። ቢልሃርዚያም ቢሆን ስሙን ያገኘው ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሳይታዩ ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ኮሶ ግን ከዚህም በላይ የተለየ ታሪክ አለው። ቃሉ የትሉም፣ የበሽታውም፣ የመድኃኒቱም፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ዛፍም ስም ነው። በደጋ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ለፊት መኮማተር ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት በመሳፍንቱም በአገልጋዩም ቤት የተለመደ ነበር፤ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ማለትም ከቤት ላለመውጣት በቂ ምክንያት ነበር። እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞም ለዚሁ ይውላሉ፤ የኮሶን ያህል ግን አልተከበሩም።

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዛፉና ስለ ልማዱ በሰፊው ጻፈ። ሐበሾች ወደ ሌላ አገር የማይጓዙት ይህን መድኃኒት እንዳያጡ ስለሚሰጉ ነው እስከማለትም ደርሷል፤ የተጋነነ ይመስላል። ዛፉን በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። በ1822 ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬር ስለ መድኃኒቱ ጽፎ በፓሪስ አሳተመ፤ ዛፉም ለጥቂት ጊዜ በእርሱ ስም ተጠራ። በመጨረሻ ጸንቶ የቀረው ለጀርመናዊው ሃገን መታሰቢያ የተሰጠው ሃጌኒያ አቢሲኒካ የሚለው ነው። በሦስት አውሮፓውያን ስም የተጠራው ዛፍ መድኃኒትነቱን ካስተዋሉት ሰዎች የአንዳቸውንም ስም አልያዘም።

ኮሶ እ.ኤ.አ. በ1864 በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ገባ። ነገር ግን በመጋዘን የቆየ አበባ ኃይሉ ይደክማል፤ ወንዴው ከሴቴው ጋር ሲቀላቀልም ውጤቱ ያንሳል። እየዋለ ሲያድር ሌሎች መድኃኒቶች ተኩት።

በአገራችን በየሁለት ወሩ የሚደገመው ለምንድን ነው? የበሬ ሥጋ ኮሶ ትል ቁርጥራጮቹ ቢወጡም ራሱ ከአንጀት ግድግዳ ካልተላቀቀ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ቁርጥራጭ መልቀቅ ይጀምራል። ልማዱ የተከተለው ይህንኑ ጊዜ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በአዲስ ትል መያዙም ያለ ነው፤ ሆኖም በርካታ ጠጪዎች ትሉን እየገረዙ ኖሩ እንጂ አልነቀሉትም። ትሉ ከከብት ሥጋ እንደሚመጣ ሳይንስ ያረጋገጠውም ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ሉይካርት እ.ኤ.አ. በ1861 የትሉን እንቁላል የያዙ ቁርጥራጮች ለጥጃ አብልቶ በጡንቻው ውስጥ እጩን አገኘ። ከመድኃኒቱ ጋር ለዘመናት የኖረው ማኅበረሰብ ግን ጥሬ ሥጋውን የሚያስተው ምክንያት አላገኘም፤ መድኃኒቱ በጓሮ ነበርና።

ጉዳቱም እንደ መንጠቆ ትል ሳይታይ ቆየ። ኮሶ የሚጠጣው በግምት ነው፤ አንዱ ጣሳ ከሌላው አይመጣጠንም። ነፍሰ ጡር ያስወርዳታል። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ደግሞ ኮሶ ከጠጡ በኋላ ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎችን ታሪክ አቅርቧል። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ መጠን ትሉን ከነራሱ ያስወግዳሉ። ይሁንና የዓይኑ ብርሃን በድንገት ደክሞ የሚመጣ ታማሚ «መድኃኒት ወስደሃል ወይ» ተብሎ ሲጠየቅ «አልወሰድኩም» ሊል ይችላል፤ ኮሶ ለእርሱ የመድኃኒት ስም ብቻ አይደለምና፣ በስሙ ካልተጠየቀ አይነሣም።